ላይና ታች የሌለው ሥዕል

ሞጣ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። "ምንድን ነው?" ብሎ አይደለም። "ባለፈው ስመጣ ተገልብጦ ነበር ልበል?" ነው የሚለኝ። የቸኮለውን በሳቅ አልፈዋለሁ። ጊዜ ያለውን ግን አስቀምጬ ታሪኩን እነግረዋለሁ። እናንተም እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ጊዜ አላችሁ ማለት ነውና ተቀመጡ።

የቢቸና ልጅ ነኝ። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ተስፋ አድርገው ነበር ማለት ነው። ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ ሞጣ አንድ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ሆኜ ተቀጠርኩ። የሥዕል መምህርት መሆን ምን እንደሚመስል ለማታውቁ ልንገራችሁ። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜሽ ለሒሳብ ይሰጣል። በዓል ሲመጣ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚለውን ጨርቅ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ቀለም ሲለቅም ይጠሩሻል። በዚያ ላይ እኔ ግልፍተኛ ነበርኩ፤ የሣልኩትን አይቶ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" ያለኝን ሰው ሳምንት አኮርፈው ነበር።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነውን ሥዕል የሣልኩት ከሚኒባስ መስኮት ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስመለስ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጉንደ ወይንን እንዳለፍን በአንደኛው መስኮት በኩል ፀሐይ ነበረች፣ በሌላኛው በኩል ዝናብ። ቤት እንደ ደረስኩ ሳልበላ ቀለም በጠበጥኩ። ሸራው ላይ ያረፈው ይኸው ነው፤ ከታች ሰፊ ቢጫ፣ ከላይ ሰፊ ጥቁር ቡናማ፣ በመካከላቸው ቀጭን ነጭ መስመር፣ ከጥቁሩ ውስጥ ወደ ነጩ መስመር የሚወርዱ ጥቁር አረንጓዴ ሰረዞች። ሰማዩን ለምን በዋልካ አፈር ቀለም እንደቀባሁት እኔም አላውቅም፤ እጄ ነው የመረጠው። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ በሬ የለበትም። ፍሬሙን ከተሰበረ ዴስክ እንጨት ራሴ መታሁት፤ አንዱ ማዕዘን አልገጥም ብሎ እንደ ቀንድ ወጥቶ ቀረ።

ትምህርት ቤቱ የተማሪና የመምህራን ሥራ ሲያሳይ እኔም ሰቀልኩት። አንዷ ባልደረባዬ "የቀሚስ ጥለት ነው አይደል? ለኔም ሥሪልኝ" አለችኝ። ሌላው ፍራሽ መስሎት ነበር። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቂት ካዩት በኋላ "ጥሩ ነው፤ በርቺ። መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉኝ። ሁሉንም በየተራ አኮረፍኩ።

በመጨረሻ የጂኦግራፊው መምህር አበጀ መጣ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ የጃኬቱን ኮሌታ ወደ ላይ ሳብ አደረገና "መምህርት፣ ብንገባ ይሻላል። ሊደርስብን ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"ዝናቡ።"

ያን ቀን ነው የወደድኩት። ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

ተዋደድን፣ ተስማማን፤ አበጀ እንደ ወጉ ሽማግሌ ቢቸና ላከ። አባቴ አቶ ይርጋ ልጁን ወደውታል፤ ቤተሰቡንም አስጠይቀው ጨዋ መሆናቸውን ሰምተዋል። ነገር ግን የአበጀ አያት በእናታቸው በኩል የኛ አገር ሰው መሆናቸው ተሰማ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም። እስከ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ተቆጥሮ ሁለቱ ወገኖች እንደማይገናኙ ካልታወቀ፣ ሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመድ ተጋባ ይባላልና ቄስም አይባርከውም። የኛን ቤት የዘር ቆጠራ የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አያቴ ቆጠራውን ያስጠኑት ለበኩር ልጃቸው ለጥሩነህ ነበር፤ ጥሩነህ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኔም "አያ" እያልኩ ነው ያደግሁት። አያና አባቴ ደግሞ አይነጋገሩም።

ያጣላቸው ባሕር ዛፍ ነው። የአያቴን መሬት ለሁለት ተካፍለው ጎን ለጎን ያርሱ ነበር። አያ በድንበሩ ላይ፣ በራሳቸው በኩል፣ ባሕር ዛፍ ተከሉ። ዛፉ አደገ። አባቴ "ሥሩ ድንበር አያውቅም፤ ውኃዬን እየጠጣ ጤፌን አቀጨጨው" አሉ። አያ "በመሬቴ ላይ የተከልኩትን ማን ይነቅለዋል?" አሉ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። በመጨረሻ አያ ገበያ መሀል ቆመው "የይርጋን ቤት ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው" ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። አባቴ ወንድማቸውን በስም አይጠሩም፤ "ያ ሰውዬ" ነው የሚሏቸው።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ "ዘመድ ላማክር" ብለው መለሷቸው፤ ይህ ወግ ነውና ማንም አልከፋውም። ሁለተኛ ሲመጡ ግን "ቆጠራውን የሚያውቀው ያ ሰውዬ ነው፤ እሱ ደጄን አይረግጥም፤ እኔም አልጠራውም፤ ምን ላድርግ?" አሏቸው። ሦስተኛው መምጣት በጥቅምት ለአንድ እሑድ ተቀጠረ። የአበጀ እናት "ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ባዶውን ከተመለሰ፣ አራተኛ መላክ ልጅን መለመን ነው፤ እኔ አላደርገውም" ብለዋል አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ በበኩሏ ዝም አላለችም። አያ ዘንድ ሄዳ ለመነቻቸው። "ቆጠራ በሰው አይላክም፤ ከወዲያኛው ወገን ጋር ፊት ለፊት ነው የሚቆጠረው። ለልጅቱ ስል እስከ አጥሩ በር እመጣለሁ። ከውጭ ቆሜ ልቁጠርና ልሂድ" አሏት። አባቴ ይህን ሲሰሙ "ከአጥር ውጭ ቆሞ ዘር መቁጠር ምንድን ነው፤ ሌባ የሚወጣበት አውጫጭኝ ነው እንዴ? በልጄ ጋብቻ አልሳለቅም" አሉ። እሑድ የነጋው በዚህ ሁኔታ ነው።

እኔ ከዋዜማው ቢቸና ገብቼ ነበር። ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትቀመጥምና ጓዳ ነኝ። የጓዳችን መስኮት ወደ አጥሩ በርና ወደ መንገዱ ያሳያል። አያ መጥተዋል። ከበሩ ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ለበዓል የምትወጣዋን ቆብ ደፍተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል። አባቴ ሳሎን ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዶሮ በአንድ ትንፋሽ የምታቋርጠው ነው።

"እማ፣ እስኪ ግቡ በያቸው" አልኩ።

"ብያለሁ። 'ምያለሁ' አሉኝ። ውኃ ብሰጣቸው እንኳ ጠጥተው ጣሳውን በአጥር ላይ መለሱልኝ።"

ትንሽ ቆይቶ መኪና የቆመ ድምፅ ተሰማ። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ መኪና እስከ በር አይደርስም፤ ሽማግሌዎቹ ከአስፋልቱ ወርደው በእግራቸው መጡ። ከፊት ነጭ ጥምጥማቸውን የጠመጠሙት ቄስ ላቀው ናቸው፤ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ከኋላቸው። ቄሱ ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። አራት ማዕዘን የሆነ፣ በነጭ ነጠላ የተሸፈነ ነገር በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ እንዳያደናቅፋቸው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ።

ይህን ያየ የኛ አገር ሰው ምን እንደሚያስብ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቄስ፣ ነጠላ፣ ፍሬም፣ ደረት ላይ መታቀፉ። መኪናው የመጣው ደግሞ በማርያም ሥዕሏ በምትታወቀው በደብረ ወርቅ በኩል ነው። ከማዶ ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ጎመን ከሚቀነጥሱበት ተነሡ፣ ነጠላቸውን አደገደጉና እልል አሉ። በየደጁ ያለው ሰው ተነሣ። ሽማግሌ ሲገባ ለማየት አጥር ላይ የነበሩት ሴቶች ተከተሉ። የኛ ሽምግልና በአንድ አፍታ የታቦት ንግሥ መሰለ።

ቄስ ላቀው በሩ ጋ ሲደርሱ አያን አየኋቸው። መጀመሪያ ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ፣ እኔ በዓይኔ እያየሁ፣ ጎንበስ አሉና ጫማቸውን አወለቁ። አማተቡ፤ ቄሱ ሲገቡም አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ተከተሉ። የተሸፈነ ቅዱስ ሥዕል በፊቱ እያለፈ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው በቤታችን አልተወለደም።

እኔ ግን ሌላ ነገር አይቼ ነበር። ከነጠላው ሥር በአንደኛው ማዕዘን በኩል እንጨት እንደ ቀንድ ወጥቷል።

"እማ" አልኩ። "እማ፣ ይኼ ማርያም አይደለችም። የኔ ሥዕል ነው።"

"የምን ያንቺ?"

"ሞጣ የሣልኩት። አበጀ ዘንድ ነበር፤ እሱ ነው የላከው። እማ፣ አያ ሊሳለሙት ነው፤ ልንገራቸው።"

ወደ በሩ ስንደረደር እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። እናቴ ስትይዝ ትይዛለች። አያ በዚያን ሰዓት የግቢውን መሀል አልፈው ነበር።

"ቆይ፤ መጀመሪያ የበሩን ደፍ ይለፉ" አለች በሹክሹክታ።

አያ ደፉን አለፉ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ አባቴና አያ አንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። አባቴም ቄሱን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ የሚከተላቸውን ሰው ማንነት ሳያዩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ቄስ ላቀው የያዙትን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። አያ ለመሳለም ወደፊት ሲራመዱ ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ።

"ቆዩ፣ ወገኖቼ። አትሳለሙ። ይኼ ቅዱስ ሥዕል አይደለም። የልጃችሁ የእጅ ሥራ ነው፤ ልጃችን ለአባቷ ቤት ስጦታ ብሎ በኛ የላከው።" ነጠላውን ገለጡት።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ቢጫና ጥቁር ቡናማ ነገር ተጋድሟል። አያ ቀና ሲሉ አባቴን አዩ፤ አባቴም አያን አዩ።

"አባ" አሉ አያ፣ "ምነው መንገድ ላይ አልነገሩን?"

"የጠየቀኝ የለም" አሉ ቄሱ ረጋ ብለው። "መኪና ውስጥ ሌላ ቦታ አልመች ስላለ ከሞጣ ጀምሮ እንዳቀፍኩት ነው። እልልታውን ስሰማ ግን ነገሩ ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል እርስዎ ጫማዎን ሲያወልቁ አየሁ። በራሱ እግር የሚመጣን ዕርቅ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"

"መሐላ አስፈረሳችሁኝ። እኔ እሄዳለሁ።" አያ ዞር አሉ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ጫማዬስ?"

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። መቼ ወጥታ መቼ እንደ ገባች አላውቅም፤ የአያን ጫማ ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ እየወሸቀች ነበር።

"ልጆች ወስደውት ይሆናል፤ ይፈለጋል" አለች ከጓዳ፣ ድምፅዋን እንደ ማር አድርጋ። "እስኪገኝ ይቀመጡ።"

"ስለ መሐላው ንስሐውን እኔ እሰጥዎታለሁ" አሉ ቄስ ላቀው። "በቁጣ የተማለ መሐላ ነው፤ ስግደት ይበቃዋል። አሁን ይቀመጡ፤ ባዶ እግርዎን የት ይሄዳሉ?"

አያ ተቀመጡ። ከአባቴ ርቀው፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ። አባቴም ተቀመጡ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ። ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ። በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል የኔ ሥዕል ተኝቷል፤ የሚነጋገሩት ሌላ ነገር ስለሌላቸው፣ መተያየቱንም ስላልፈለጉ፣ ሁለቱም እሱን አዩ። እኔ በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ እያየሁ የጣቶቼን ጥፍር በላሁ።

"አባ" አሉ አያ ወደ ሥዕሉ እየጠቆሙ፣ "ይኼ መሬት ነው።"

"መሬት አይደለም ያለው ማነው በሉልኝ፣ አባ" አሉ አባቴ።

"እኔ እኮ ዝም ብዬ አይደለም" አሉ አያ፣ አሁንም ለቄሱ። "ይኼ ጤፍ ነው፤ የደረሰ ጤፍ። ይኼ ነጩ በክረምት ውኃ የሚሄድበት ቦይ ነው፤ ድንበሩ። ከድንበሩ ላይ የቆሙት ደግሞ የኔ ዛፎች ናቸው። ሰማዩ ጠቁሯል። ከቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው የሣለችው። እዩት፣ እንዴት ቀጥ ብለው እንደቆሙ።"

አባቴ ወደ ሥዕሉ አጎነበሱ። "የትኛው ዛፍ? ዛፍ አለ እንዴ እዚህ? አባ፣ ይንገሩልኝ፤ ይኼ ጥቁሩ ሰማይ አይደለም፤ ዋልካ ነው፤ የኔ ዋልካ። የአፈሩን ቀለም አላውቀውም? እነዚህ ደግሞ ዛፎች አይደሉም። ከድንበሩ ተነሥተው ወደ አፈሬ የገቡ ሥሮች ናቸው። ልጄ አይታዋለች። ያኔ ስናገር የሚያምነኝ አልነበረም።"

"ሥር ነው ይላል!" አሉ አያ ለቄሱ። "ሥር እንዲህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል?"

"ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ታች ነው። ወደ ታች!"

"ወደ ላይ ነው እንጅ!"

ቄስ ላቀው አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ዞሩ። መልእክት ማድረስ ሰለቻቸው መሰል፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ከመካከል ወጡ። ወንድማማቾቹ መውጣታቸውን ልብ አላሉም።

"አያ፣ አንተ ከተቀመጥክበት ሆነህ ስታየው ነው ዛፍ የሚመስልህ" አሉ አባቴ። "እስኪ ወደዚህ ና።"

አያ። አባቴ "አያ" አሉ። ያ ሰውዬ አላሉም። እናቴ ከጎኔ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቤቱ ውስጥ ያልሰማው ሰው ቢኖር ራሳቸው አባቴ ብቻ ይመስሉኛል፤ በክርክሩ ተይዘዋላ።

አያ ተነሡ። ባዶ እግራቸውን ጠረጴዛውን ዞረው መጥተው አባቴ አጠገብ ቆሙና አጎነበሱ። ብዙ አዩት። አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ።

"ይርጋ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"እ?"

"ከዚህ ሲታይ ሥር ነው።"

አባቴ ተነሥተው በሌላው በኩል ዞሩና የአያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም አዩ። "እውነትክን ነው" አሉ። "ከዚህ ዛፍ ነው። ደግሞስ ያምራል።"

"ያምራል" አሉ አያ። "አባታችን ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር፤ ዛፍ ይወዱ አልነበር?"

"ጤፍም ይወዱ ነበር።"

"ጤፍም ይወዱ ነበር" አሉ አያ።

እንደዚህ እያሉ ቢቆዩ ምን ነበረበት? አያ ግን ነገር ካልተበየነ አይወዱም። "የሣለችው ልጅ እዚሁ አይደለች? ጥሯትና ትንገረን" አሉ።

እናቴ ገፋችኝና ወጣሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳምኩ። በልቤ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምቆጥረው፤ ዛፍ ነው ብል አባቴ ይቀየሙኛል፣ ሥር ነው ብል አያ ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ሁለቱም አይደለም ብል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የተጀመረች ወሬ ትቆማለች።

"በይ እስኪ ንገሪን፣ ልጄ" አሉ አያ። "ዛፍ ነው ወይስ ሥር?"

አበጀን አሰብኩ፤ የጃኬቱን ኮሌታ። መዋሸት አልቻልኩም። "አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛፍም ሥርም አይደለም። ዝናብ ነው" አልኩ።

"ምን?"

"ዝናብ። ከሩቅ የሚታይ ዝናብ። ከጉንደ ወይን ወዲያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ያየሁት።"

አያ አባቴን አዩ። አባቴ አያን አዩ።

"ዝናብ?" አሉ አባቴ። "እንዲህ ያለ ዝናብ የት አገር ነው የሚዘንበው?"

"አረንጓዴ ዝናብ" አሉ አያ። "ይርጋ፣ አንተ አረንጓዴ ዝናብ አይተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ እኔ አላየሁም። አንተ ታላቄ ነህ፤ አንተስ?"

"እኔም አላየሁ።" አያ ወደኔ ዞሩ፤ በርኅራኄ። "ልጄ፣ እጅሽ ጎበዝ ነው። የሣልሽውን ግን አታውቂውም።"

"አታውቀውም" አሉ አባቴ፣ ተነሥተው አያ አጠገብ ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ሞጣ ስትኖር ያገሯን መሬት ረሳችው።"

የቀድሞዋ ማስተዋል ብትሆን እዚያው ታኮርፍ ነበር። ወንድማማቾቹ ግን ስንት ሽማግሌ ያላስማማቸው ሰዎች፣ እኔ የሣልኩትን አላውቅም በሚለው ነገር ላይ በአንድ ድምፅ ተስማምተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። አባቴ መሣቅ ጀመሩ። አያም ሳቁ። ቄስ ላቀው በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ምን ልበል? "ልክ ናችሁ፣ አላውቅም ነበር" አልኩና ሮጬ ጓዳ ገባሁ፤ እዚያ ከእናቴ ጋር ተቃቅፈን በሳቅና በእንባ መሀል ዱቄት በዱቄት ሆንን።

ከዚያ በኋላ ቆጠራው ሆነ። አያ ጉሮሯቸውን ጠርገው እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ከወዲያ ወገን አንደኛው ሽማግሌ የአበጀን አያት ቤት ቆጠሩ። አያ እያንዳንዱን ስም ከጠሩ በኋላ ዝም ይላሉ፣ ጢማቸውን ይዳስሳሉ፣ የሰውየውን ቁመትና ጀግንነት ይጨምራሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚሰማቸው ቤት ያጡ ሰው ናቸውና ማን ይቸኩልባቸው። አምስተኛው ላይ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የሴት ስም ጠሩ፤ ብርጭቆ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "የኛይቱ የመርጡለ ማርያም ሰው ናት፤ የናንተይቱስ?" ብለው ጠየቁ። "የኛይቱ እዚሁ ቢቸና ተወልዳ እዚሁ የሞተች ናት" አሉ ሽማግሌው። አያ ዓይናቸውን ገለጡ። "ሌላ ናት" አሉና ቀጠሉ። ሰባቱን ቤት ጨርሰው "አይገናኙም። ይውሰዳት፤ እግዜር ይባርካቸው" ሲሉ፣ ከሁሉም ቀድመው እልል ያሉት አጥር ላይ የነበሩት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። በዚያን ዕለት ሁለተኛ መሆኑ ነው፤ ይኼኛውን ግን አልተሳሳቱም።

አያ ሊሄዱ ሲነሡ እናቴ ጫማቸውን ይዛ ወጣች። ጫማው ነጭ ሆኗል።

"የት ተገኘ?" አሉ።

"እንጃ" አለች እናቴ። አያ ጫማውን አራግፈው ዱቄቱን አዩና ዝም ብለው አጠለቁት።

ጥር ላይ ተጋባን። በሠርጉ ሳምንት አንድ ጠዋት አያ ሰዎች አስከትለው፣ እንጨት አሸክመው አባቴ ግቢ ገቡ። ከድንበሩ ላይ ወደ አባቴ ማሳ የቀረበውን ረድፍ ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ነበር። "ለዳሱ ነው" አሉ። አባቴም ዶማ አንሥተው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ራሳቸው ቆፈሩ። በዚያ ዳስ ሥር ነው የተሞሸርኩት። የቀረው ዛፍ ዛሬም ቆሟል፤ አልፎ አልፎም ይጨቃጨቁበታል፤ ግን እየተነጋገሩ ነው።

እና አንባቢዬ፣ ያ ቀን በኔ ላይ ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ማኩረፌን ነው የወሰደብኝ። ዱሮ ሥዕል ማለት እኔ ያየሁትን ነገር ሌላው ሰው እንዲያየው ማድረግ ይመስለኝ ነበር፤ ያላየልኝ ሰው ሁሉ የናቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ተማሪዎቼ አንድ ሥዕል አይተው ሲጣሉ አልዳኛቸውም። "ቦታ ተለዋወጡና እንደገና እዩ" እላቸዋለሁ። አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ ጭቅጭቁ ይብሳል፣ ሁልጊዜ ግን ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። እናንተም ከምታኮርፉት ሰው ጋር የምትነጋገሩት ቢጠፋችሁ፣ በመካከላችሁ አንድ የማይገባችሁ ነገር አስተኙና ዝም ብላችሁ እዩት። አንደኛችሁ መናገሩ አይቀርም።

ሥዕሉን አባቴ "ውሰጂው፣ አንቺ ነሽ የሣልሽው፤ ባታውቂውም" ብለው መለሱልኝ። አበጀ ከላይም ከታችም ገመድ አሰረለት። አያ ሞጣ ሲመጡ ቆባቸውን ሳያስቀምጡ ዛፎቹን ወደ ላይ አድርገው ይሰቅሉታል። አባቴ ሲመጡ ሥሮቹን ወደ ታች ይመልሷቸዋል። እንግዶቻችን ተገለበጠ የሚሉት ይህን ነው። ማንም በሌለ ጊዜ እኔና አበጀ ሶፋው ላይ ሆነን እናየዋለን፤ እሱም ኮሌታውን ሳብ ያደርጋል።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት ግን ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ መጡ። እጅ እስኪታጠቡ አልጠበቁም፤ ግድግዳው ሥር ቆመው አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ጎተቱት። እኔ ዶሮውን ሳቀርብ ሰላም ይወርዳል ስል፣ ተስማምተው አገኘኋቸው። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደው የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስተኝተውታል፤ አያ በወዲያ ማዶ፣ አባቴ በወዲህ ማዶ ተቀምጠው እያጎነበሱ ያያሉ። እኔ ትኩሱን ድስት በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ ምሳውን የት ላስቀምጠው ብዬ ቆምኩ።